ባቡሩን ባዶ ያደረገው ፓርኪንግ አይደለም

ሰሞኑን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ሰበርብ ባቡሮች፣ ማለትም ከከተማ ዳር ሰፈሮች ወደ ከተማ ሰው ስለሚያመላልሱ ባቡሮች ነው። በቨርጂኒያ በኩል ስለሚሄደው ቪአርኢና በሜሪላንድ በኩል ስላለው ማርክ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ባቡሮቹ ባዶ ናቸው። ባዶ የሆኑት ጣቢያው ጋ በቂ መኪና ማቆሚያ ስለሌለ ነው። ስለዚህ በየጣቢያው ትልልቅ የፎቅ ፓርኪንግ ይሠራ፣ ነጻም ይሁን። ይህ ካልሆነ ባቡሩ ይዘጋና ገንዘቡ መንገድ ማስፊያ ላይ ይዋል። መሃል ላይ «ሐበሻ ድሮም የባቡር ሰው አይደለም» የምትል ነገር ጣል አድርገዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጣቢያ አጠገብ አፓርታማ መሥራትን ይቃወማሉ።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። «ልክ ናቸው» ያለ ሰውም ብዙ ነው። እኔ ከአንድ ነጥብ በቀር አልስማማም። በተራ ልሂድ።

«ፓርኪንግ ስለሌለ ሰው ባቡሩን ተወው» ይላሉ። እስቲ ሰው ባቡሩን የተወው መቼ ነው? ቪአርኢ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው።) ከኮቪድ በፊት በሥራ ቀን ወደ 18,000 የሚጠጋ ተሳፋሪ ይመዘገብ ነበር። ያኔ ፓርኪንግ ችግር ነበር፤ አልክድም። አንዳንድ ጣቢያ ላይ ረፈድ ካደረጉ ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ባቡሩ ግን ሰው ነበረው። ከዚያ ማርች 2020 መጣ። የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን «ከቤት ሥሩ» አሉ። የቪአርኢ ደንበኛ ደግሞ በአብዛኛው የፌደራል ሠራተኛ ወይም ለመንግሥት በኮንትራት የሚሠራ ሰው ነው። ባቡሩ በአንድ ጊዜ ጭር አለ። ፓርኪንጉም አብሮ ጭር አለ። የፈለጉትን ቦታ መርጦ ማቆም የሚቻልበት ጊዜ ነበር። ታዲያ ሰው መጣ? አልመጣም። ከወረርሽኙ በኋላ በነበሩት ዓመታት የተሳፋሪው ቁጥር ከቀድሞው ከግማሽ በታች ነበር። ቦታ ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር።

ሌላም ማስረጃ አለ። ጃንዋሪ 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌደራል ሠራተኞች ወደ ቢሮ እንዲመለሱ አዘዙ። በቀጣዮቹ ወራት በቪአርኢም በማርክም ተሳፋሪ ጨመረ። በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ ማን አዲስ ፓርኪንግ ሠራ? ማንም። እንግዲህ ሰውን ያስቀረውም የመለሰውም የሥራው ሁኔታ ነው። ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አይተው አንዱን የሌላው ምክንያት አድርገውታል።

ቀጥለው «ፓርኪንግ ይሠራ፣ ባቡሩ ይሞላል» ይላሉ። ይህን በስሌት እንየው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍሬድሪክስበርግ ወዲያ ያለው የቪአርኢ የስፖትሲልቬንያ ጣቢያ በ2015 ሲከፈት ወደ 1,500 መኪና የሚይዝ ሜዳ ይዞ ነው የመጣው። ትልቅ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደግሞ ባብዛኛው ያለው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ቢሞላ የሚገኘው 1,500 ሰው፣ ቢበዛ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የቪአርኢ ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ ወደ 130 ሰው ያስቀምጣል። 8 ፉርጎ የተቀጠለበት ባቡር ወደ 1,000 ወንበር አለው ማለት ነው። ያ ሁሉ አስፋልት ሞልቶ ሁለት ባቡር እንኳ በደንብ አይሞላም።

በዚያ ላይ አንድ የፓርኪንግ ቦታ በቀን የሚያገለግለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ገና ሳይነጋ የገባችው መኪና እስከ ምሽት እዚያው ትውላለች። የባቡሩ ወንበር ግን ባቡሩ ከተመላለሰ በቀን ሦስት አራት ሰው ሊቀመጥበት ይችላል። ተሳፋሪን በፓርኪንግ ብቻ ለማምጣት የሚሞክር መሥሪያ ቤት ጣሪያው ከመጀመሪያው ቀን የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ውስጥ አንድም ጊዜ ያላነሱት ነገር የጉዞ ሰዓቱን ነው። ስንት ባቡር አለ? ስንት ሰዓት ላይ? ወዴት ወዴት? ቅዳሜና እሁድስ?

ቪአርኢ ቅዳሜና እሁድ አይሠራም። በሥራ ቀንም ከጥቂት ባቡሮች በቀር የሚሄደው ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት በኋላ ከዲሲ ነው። ከፍሬድሪክስበርግ በኩል የመጀመሪያው ባቡር የሚነሳው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ገደማ ነው። ማታ የመጨረሻው ከዲሲው ዩኒየን ስቴሽን የሚወጣው 1 ሰዓት ገደማ ነው። የማርክ ብረንስዊክ መስመርም በጀርመንታውን፣ በጌትዝበርግ፣ በሮክቪልና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው፣ ያው ነው፤ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግ።

ይህ ፕሮግራም ለማን የተሠራ ነው? ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ለሚወጣ የቢሮ ሠራተኛ። ከእኛ ሰው ውስጥ እንዲህ የሚሠራ አለ፣ እየበዛም ነው። ብዙው ግን ሽፍት ነው የሚሠራው። ሬገን ኤርፖርት ከንጋት በፊት የሚገባ አለ። ሆስፒታል ማታ ገብታ ጠዋት የምትወጣ ነርስ አለች። ሆቴል፣ ሬስቶራንት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ታክሲና ኡበር አለ። ዲሲ መሃል ባሉት የፎቅ ፓርኪንጎች መግቢያ ላይ ቆሞ ቁልፍ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ የአገራችን ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ዉድብሪጅ የሚኖር፣ ዲሲ ፓርኪንግ ላይ የሚሠራና ማታ 4 ሰዓት የሚወጣ ሰው አስቡ። ዉድብሪጅ ጣቢያ ላይ ስሙ የተጻፈበት ነጻ ቦታ ቢሰጡት ምን ይጠቅመዋል? ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስበት ባቡር የለም።

እሁድ ደግሞ ሌላ ነው። ከማናሳስ ወይም ከጀርመንታውን ተነስታ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት በእሁድ ባቡር የላትም። ቅዳሜ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልቅሶ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ እንዲሁ። እኛ በብዛት የምንንቀሳቀስበት ሰዓት ባቡሩ የሚተኛበት ሰዓት ነው። ይህን ሳይነኩ ፓርኪንግ መጨመር ወጥ ሳይሠሩ ወንበር እንደ መደርደር ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ባቡሩን ለምን አይጨምሩትም?» የሚል ይኖራል። ይህን ጥያቄ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ ጽሑፋቸው ቁም ነገር ይኖረው ነበር። ሐዲዱ የባቡር አገልግሎቱ ንብረት አይደለም። የቪአርኢ የፍሬድሪክስበርጉ መስመር የሚሄደው ሲኤስኤክስ በሚባለው የጭነት ባቡር ኩባንያ ሐዲድ ላይ ነው። የማናሳሱ የሌላው የጭነት ኩባንያ፣ የኖርፎክ ሳውዘርን ሆኖ ነው የኖረው። የማርክ የብረንስዊክና የካምደን መስመሮችም የሲኤስኤክስ ናቸው። የመንገደኛ ባቡር ለመጨመር ከባለ ሐዲዱ ጋር መደራደር ያስፈልጋል። ባለ ሐዲዱ ደግሞ ቅድሚያ የሚያስበው ኮንቴይነሩን ነው፤ ንግዱ ነውና አይፈረድበትም።

ትልቁ ማነቆ ያለው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ነው። ሎንግ ብሪጅ የሚባለው የባቡር ድልድይ በ1904 የተሠራ ሲሆን ያለው ሁለት ሐዲድ ብቻ ነው። የጭነቱም፣ አገር አቋራጭ የመንገደኛ ባቡር የሆነው የአምትራኩም፣ የቪአርኢውም ባቡር በዚያች በር ነው የሚገባው የሚወጣው። ከደቡብ በኩል መቶ ፓርኪንግ ቢሠራ በዚህ ድልድይ ላይ አንድ ባቡር አይጨመርም። ቨርጂኒያ ይህ የገባት ይመስላል። በ2019 መጨረሻ ላይ ከሲኤስኤክስ ጋር የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አስታወቀች። የሐዲድ መሬት ለመግዛት ከሁለቱም ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለች። በ2024 መኸር ላይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ሌላ ባለ ሁለት ሐዲድ ድልድይ መሥራት ተጀመረ፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፣ በ2030 ያልቃል ተብሎ ይጠበቃል። የቅዳሜና እሁድ ባቡርም ሆነ የቀትር ባቡር የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። የጸሐፊው ጽሑፍ ስለ ቨርጂኒያ ባቡር እያወራ ስለዚህ ድልድይ አንዲት ቃል አለመናገሩ ገርሞኛል።

ማርክ ውስጥ ራሱ ማወዳደሪያ አለ። የፔን መስመር ከዲሲ ወደ ባልቲሞር የሚሄደው በአምትራክ ሐዲድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ቅዳሜና እሁድም አለ። ከማርክ ሦስት መስመሮች ብዙ ሰው የሚይዘው እሱ ነው። በእርግጥ ባልቲሞርን የሚያህል ከተማ ጫፍ ላይ መኖሩም ረድቶታል። ግን የካምደን መስመርም እኮ የሚሄደው ባልቲሞር ነው! መነሻውና መድረሻው ያው፣ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ያው፣ የባቡሩ ብዛት ግን የማይገናኝ። ተሳፋሪውም እንደዚያው።

ራቅ ብለን ሚኒሶታ እንሂድ፤ እዚያም የእኛ ሰው ብዙ ነው። ኖርዝስታር የሚባለው የሰበርብ ባቡር በ2009 በ317 ሚሊዮን ዶላር ተከፈተ። ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ ሴንት ክላውድ ድረስ እንዲሄድ ታስቦ ነበር፤ ገንዘብ አጠረና ቢግ ሌክ ላይ ቀረ። ጣቢያዎቹ ከሰፋፊ ፓርኪንግ ጋር ነው የተሠሩት። ጸሐፊው የሚመኙት ዓይነት፣ ሰፊና ነጻ። ባቡሩ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ያውም በአብዛኛው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚሄድ ነበር። ኮቪድ ሲመጣ ወደቀ፣ አልተነሳም፣ በ2026 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ፤ በቦታው አውቶቡስ ገባ። ፓርኪንግ አላዳነውም።

በተቃራኒው ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ሆዜና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል የሚሄደው ካልትሬን በሴፕቴምበር 2024 ወደ ኤሌክትሪክ ተቀየረ። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ቅዳሜና እሁድ በየግማሽ ሰዓቱ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተሳፋሪው ከ40 በመቶ በላይ አደገ። ያን ሰው ያመጣው የባቡሩ መመላለስ ነው። ፓርኪንጉ ያው የድሮው ነው።

አሁን የምስማማበት ነጥብ። ጸሐፊው «ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመጣ ሰው ቦታ አያገኝም» ብለዋል። እውነት ነው። ጠዋት ማልደው የመጡት ሁሉንም ቦታ ከያዙት በኋላ የሚመጣ ሰው፣ ባቡር ቢኖርም እንኳ፣ ዞሮ ወደ ቤቱ ወይም ወደ ሀይዌዩ ነው። ሞልቶ የሚውል ፓርኪንግ የቀትሩን ባቡር ይገድላል። ችግሩን በትክክል አይተውታል። መፍትሔው ላይ ግን ተለያየን፤ ምክንያቱም «ነጻ» የሚለውን እዚያው ቀጥለው አስገቡት።

ነጻ የሚባል ፓርኪንግ የለም፤ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አንድ የፎቅ ፓርኪንግ ቦታ ለመሥራት በአማካይ ከ25,000 ዶላር በላይ ይወጣል። ቁጥሩን ዝቅ አድርገን በ25,000 እንያዘው። 500 ቦታ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዱ ቦታ በዓመት 250 የሥራ ቀን ለ30 ዓመት ቢያገለግል፣ በአንድ ቀን አጠቃቀም ከ3 ዶላር በላይ ይመጣል። ይህ ወለድ የለበትም፣ መብራት የለበትም፣ በረዶ መጥረግ የለበትም፣ ጥገና የለበትም። ቦታው ባዶ የዋለበትን ቀንም አልቆጠርኩም። ያን ገንዘብ የሚከፍለው መኪና የሌለው፣ በአውቶቡስ ወደ ጣቢያ የሚመጣው ሰው ጭምር ነው። እሱ ለአውቶቡሱ ይከፍላል፣ ባለ መኪናው በነጻ ያቆማል። ይህ ለድሃው መቆርቆር ከሆነ እንጃ።

ባለበት ፓርኪንግ ብዙ ማድረግ ይቻላል። በሚሞላው ጣቢያ ላይ ትንሽ ማስከፈል፣ ባዶ በሚውለው ላይ ነጻ ማድረግ አለ። የተወሰነ ቦታ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይያዝ ማድረግ አለ። በአንድ መኪና ሦስት ሆነው ለሚመጡ የተሻለ ቦታ መስጠት አለ። የዲሲ የከተማ ባቡር የሆነው ሜትሮ በጣቢያዎቹ ፓርኪንግ በሥራ ቀን ያስከፍላል፤ ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ላይ ያለው ከ5,000 በላይ መኪና የሚይዝ ነው፣ በነጻ አይደለም፣ ሰውም እየከፈለ ያቆማል። ቪአርኢም እዚያው አጠገቡ ይቆማል። ለፌደራል ሠራተኛ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የትራንስፖርት ድጎማ ይሰጠዋል፤ በ2025 በወር እስከ 325 ዶላር ድረስ ነበር። ለትኬቱ ኪሱን ሳይነካ የሚሳፈር ሰው ለፓርኪንግ ሁለት ዶላር ቢጠየቅ አይጎዳም።

«ሐበሻ የባቡር ሰው አይደለም» የሚለውን በቁም ነገር ልመልሰው ወይስ ልለፈው? ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀላል ባቡሩ በ2015 ሲጀምር ከአያትም ከቃሊቲም በኩል እግር መትከያ አልነበረም፤ አንድም ጣቢያ ላይ ለተሳፋሪ ተብሎ የተሠራ ፓርኪንግ ሳይኖር! በኋላ የተዳከመው ባቡሮቹ እየተበላሹ ስለቆሙ እንጂ ሰው ስለጠፋ አይደለም። የከተማ ባቡርና የሰበርብ ባቡር አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ባህላችን ነው ለሚለው ክርክር ግን ይበቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜትሮ ላይ ጠዋት የቆመ ሰው ዙሪያውን አማርኛ ሲወራ ይሰማል።

«ይዘጋና መንገድ ይስፋ» ለሚለው ብዙ አልልም። አውራ ጎዳና 95ን የሚያውቅ ሰው ስንት ጊዜ እንደሰፋ፣ ዛሬም ፍሬድሪክስበርግ ጋ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ደግሞ መኪናውን አቁሞ ሌላ ነገር የሚሳፈር ሰው የለም እንዳይባል፣ እዚያው ዉድብሪጅ ሆርነር ሮድ ላይ ከ2,000 መኪና በላይ የሚይዝ ፓርኪንግ አለ። ባቡር ጣቢያ አይደለም። ሰው እዚያ አቁሞ አንድም አውቶቡስ ይይዛል፣ አንድም «ስላግ» በሚባለው ልማድ ከማያውቀው ሾፌር ጋር ተዳብሎ ፔንታገን ይሄዳል። ሾፌሩ ሦስት ሰው ከያዘ በኤክስፕረሱ መስመር ያለ ቶል (የመንገድ ክፍያ) ያልፋልና ለሁለቱም ይጠቅማል። እዚያ የሚሰለፈው ሰው ለምን ወደ ባቡሩ አልሄደም? ስላጉ ነጻ ነው፣ መኪናውም ሲሞላ ወዲያው ይነሳል። ባቡሩ ካመለጠው ግን ቀጣዩን ቆሞ መጠበቅ አለበት። ወዲህም ቢሉ ወዲያ ነገሩ የሚመለሰው ወደ ሰዓቱ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ አፓርታማው ነው። ጸሐፊው «ጣቢያ አጠገብ ፎቅ ሲሠራ ትራፊክ ይጨምራል፣ ፓርኪንጉን ይበላል» ይላሉ። ፓርኪንጉን መብላቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን 200 መኪና የቆመበት መሬት ለባቡሩ የሚያመጣው 200 ሰው ነው፣ እነሱም ማታ ይሄዳሉ። በዚያው መሬት ላይ 300 ቤት ቢሠራ በእግሩ ወደ ጣቢያ የሚመጣ፣ በቀትርም በእሁድም የሚሳፈር ሰው ይኖራል። ሲልቨር ስፕሪንግን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ጣቢያው ዙሪያ ፎቁ ተደርድሯል። ከፎቁ ሥር ደግሞ የእኛ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተደርድረዋል። ያ ሁሉ ሰፊ አስፋልት ቢሆን ኖሮ ባለ ሱቁ ለማን ይሸጥ ነበር?

ጸሐፊው በውስጠ ወይራ ያነሱት ፍርሃት ግን አለ፤ አዲስ ፎቅ ሲመጣ ኪራይ ይወደድና እኛ እንገፋለን የሚል። ይህን አላጣጥልም። ብዙ ቤተሰብ ከአርሊንግተንና ከአሌክሳንድርያ ወደ ዉድብሪጅና ማናሳስ የሄደው በኪራይ ነው። ለዚህም መሣሪያ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰፋ ያለ የመኖሪያ ግንባታ የሚሠራ ሁሉ ቢያንስ 12.5 በመቶውን ቤት መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ በሕግ ያስገድዳል። አንዳንድ ሰፈሮች ላይ 15 በመቶ ነው። ስጋታቸው ይህ ከሆነ የካውንቲው ስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚጠየቀው «ጣቢያ አጠገብ መቶኛው ይጨመር» ነው። «አፓርታማው አይሠራ፣ በቦታው መኪና ይቁምበት» ማለት ኪራዩን አያወርደውም፤ ቤት ፈላጊውን ወደ ስፖትሲልቬንያ አርቆ ነገ እዚያ ሌላ 1,500 መኪና የሚይዝ ሜዳ ያስጠይቃል።